ምድር ቤታችን የገባው ወታደር

ፌና ብሩክማ ሠላሳ አራት ዓመት በግሮኒንገን ከተማ ፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ደብዳቤ ስትመዝን የኖረች ሴት ናት። ባሏ ፍሬርክ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። እኔ የተዋወቅኳት ፍሬርክም ከሞተ፣ እሷም ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። ስህተት አትወድም። በራችን ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ አንድ ፊደል ከጎደለው መንገዱን ተሻግራ ትመጣና ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ታርመዋለች። ገና በተዋወቅን ሰሞን በአክብሮት “እርስዎ” ብዬ ሳናግራት አቋረጠችኝ።

“ተዪኝ እባክሽ፣ አንቺ በይኝ። እርስዎ ሲሉኝ ያ የፖስታ ቤቱ መስኮት ተመልሶ የተዘጋብኝ ይመስለኛል።”

እኔ ሬንስከ እባላለሁ፤ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ልጆች አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ከተማችን ነፃ የወጣችበት ቀን ሲቃረብ፣ ፌና ክፍሌ ትመጣና ለልጆቹ ታወራላቸዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል ሳትለውጥ ያንኑ ታሪክ ነው የነገረቻቸው። የቱ ጋ ትንፋሽ እንደምትወስድ እንኳ ለይቼ አውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1945 ፌና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጀርመኖች አገሩን ከያዙ አምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አባቷ ሃርም ብሩክማ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከዋናው አደባባይ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ ፊቱ ሱቅ ጀርባው መኖሪያ በሆነ ቤት ይኖሩ ነበር። ከክረምቱ በፊት ጀርመኖች ወንዱን ከየመንገዱ ሲያፍሱ ሃርምንም ጭነው ወደ አገራቸው ለጉልበት ሥራ ወስደውታል። ቤት የቀሩት እናቷ ሂልየ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት እህቷ ዲና እና እሷ ናቸው። ከተማዋን ነፃ ሊያወጡ የመጡት የካናዳ ወታደሮች ከደቡብ መጥተው የከተማዋ ጠርዝ ሲደርሱ ጀርመኖቹ አንለቅም አሉ። አራት ቀን በየድልድዩና በየደረጃው ተታኮሱ፤ የአደባባዩ አንድ ወገን ነደደ። ሂልየ ሁለቱን ልጆች ይዛ ምድር ቤት ወረደች። የድንች ሳጥኖችና አንዲት ያረጀች የብረት ምድጃ ነበሩበት።

“አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ” ትላለች ፌና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “የጓሮው በር ተንኳኳ። እማዬ ሄዳ ከፈተች። ወታደር ነው። እስከ አንገቱ ርሷል፤ ተከፋቾቹ ድልድዮች ወደ ላይ ስለተነሱ የከተማውን ቦይ ዋኝቶ ነው የተሻገረው። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እማዬ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ የአተር ሾርባ ሰጠችው። ሲጠግብ ቀና ብሎ አየኝና፣ የግራና የቀኝ ካልሲዬ የተለያየ መሆኑን በጣቱ አሳይቶኝ ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ ታንኮቹ መጡ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ጨፈረ። እኛ ግን ከሰው ሁሉ አንድ ቀን ቀድመን ነፃ ወጥተናል። የመጀመሪያው ካናዳዊ የገባው እኛ ምድር ቤት ነው።”

እዚህ ላይ ልጆቹ ሁልጊዜ ያጨበጭባሉ።

ሰባኛው ዓመት ሲከበር ከክፍሌ ኋላ አንድ የጋዜጣ ዘጋቢም ተቀምጦ ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃ ሁዳ የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። የሁዳ ወላጆች ከኢራቅ የመጡ ናቸው፤ ለእናቷ ሐኪም ቤትም ማዘጋጃ ቤትም የምታስተረጉምላት እሷ ናት።

“ወይዘሮ ፌና፣ እናትዎ እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር?”

“እናቴ? ከየት አምጥታ!” አለች ፌና እየሳቀች።

“ታዲያ ወታደሩን በምን አናገሩት?”

“በምን ማለት…” አለች ፌና። “ዝም ብላ ነዋ። አወሩ እኮ። ‘እሳቱ ጋ ጠጋ በል’ አለችው። ‘እግሬ አይሰማኝም’ አላት።”

“እግሬ አይሰማኝም ያለው በምንድነው?”

“በእኛው” አለች ፌና። “በገጠሩ በእኛው አነጋገር።”

“ካናዳዊው?” አለች ሁዳ። ልታሳፍራት አይደለም፤ ነገሩ አልገባትም። ለፌናም የገባት አልመሰለኝም። ሰዓቷን አየች፣ ኮቷን አነሳች፣ ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች። የወጣችው ደግሞ በዋናው በር ሳይሆን ልጆቹ ብስክሌት በሚያቆሙበት በጓሮው በኩል ነበር።

ትምህርት ሳበቃ ቤቷ ሄድኩ። ኮቷን አላወለቀችም፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች።

“ያቺ ልጅ ምን አደረገችኝ?” አለች። “ሬንስከ፣ የተነጋገሩት ገብቶኝ ነበር እኮ። እያንዳንዷ ቃል። ሰባ ዓመት ሙሉ ገብቶኛል። እንዴት ገባኝ ብዬ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።”

“ምናልባት ከኋላ የሰማሽው ተደባልቆብሽ ይሆናል” አልኳት። “ልጅ ነበርሽ።”

“እኔ አላደባልቅም” አለች ተቆጥታ። ከዚያ “አላደባልቅም አይደል?” ብላ ጠየቀችኝ።

ዘጋቢው ግን የሁዳን ጥያቄ ትቶ፣ ታሪኩን እንደ ድሮው አሳምሮ ጻፈው። የልብስ ሰፊው የሃርም ብሩክማ ልጅ፣ ምድር ቤቱ፣ ሾርባው፣ የመጀመሪያው ካናዳዊ። ፎቶዋም ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ጋዜጣው ቤት አንድ ፖስታ ላከላት። ውስጡ ከሌር የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ሌር ከድንበሩ ማዶ ያለች የጀርመን ከተማ ናት፤ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የዚያ አገር ገበሬና የእኛ አገር ገበሬ ሳያስተረጉሙ ነው የሚግባቡት፤ አነጋገራቸው አንድ ነው። ፌና ጠራችኝና አብረን አነበብነው።

ጸሐፊው ኤኖ ሃርደርስ የሚባል፣ ከበርና ቁልፍ ሠሪነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አባቱ ቲያርክ በጦርነቱ መጨረሻ ግሮኒንገን ውስጥ የነበረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበር። ጠመንጃውን ቦይ ውስጥ ጥሎ፣ ዋኝቶ ተሻግሮ፣ ያገኘውን የጓሮ በር አንኳኳ። አንዲት ሴት ከፈተችለት፤ ምንም ሳትጠይቀው ቁምሳጥን ከፍታ የባሏን ሙሉ ሱፍ ልብስ ሰጠችው። ያን ለብሶ ከሚሸሸው ሰው ጋር ተቀላቅሎ ወጣ፤ አምስት ቀን በእግሩ ተጉዞ እናቱ ቤት ገባ። በ1994 እስኪሞት ድረስ ስለ ጦርነቱ የተናገረው ይህችኑ ብቻ ነው። ሱፉ አርጅቶ ሲቀደድ ውስጡ የተሰፋችውን ስም ቆርጦ አስቀምጧት ነበር፤ ኤኖ ያቺን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ሲፈልግ የፌና ጋዜጣ ወጣለት። “ምናልባት ስህተት ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ” ይላል መጨረሻው።

ሁለት ፎቶ ተያይዟል። በአንደኛው ላይ ያለችው ሰማያዊ ጨርቅ ናት፤ “ሃ. ብሩክማ፣ ልብስ ሰፊ፣ ግሮኒንገን” የሚል በቢጫ ክር ተጠልፎባታል። በሌላው ላይ አንድ ቀጭን ረጅም ወጣት በ1946 ፀሐይ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ጥቁር ግራጫ ሱፍ ለብሷል፤ እጅጌው ከእጅ አንጓው በላይ ቀርቷል።

ፌና ጣቷን ኮሌታው ላይ አኖረች።

“የአባቴ እጅ ነው” አለች። “ኮሌታ እንዲህ የሚያስተኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ለሠርጉ የሰፋው ነው።”

“ፊቱንስ አስታወስሽው?”

“እሱ ነው እንዳልል ፈራሁ። አይደለም እንዳልልም…” ፎቶውን ወደ እኔ ገፋችው። “አንቺ እዪው እስኪ። ካናዳዊ ይመስላል?”

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። ካናዳዊ ምን ይመስላል?

ያን ዕለት ስለ አባቷ ነገረችኝ። ሃርም ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በሰኔ ወር፣ አጥንቱ ወጥቶ ተመለሰ። ሁለት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ቁምሳጥኑን ከፈተ።

“ሱፌስ?”

“ወሰዱት” አለችው ሂልየ።

“ማን?”

“ወታደሮች ናቸዋ። ቤቱን ሲያገላብጡት።”

“የትኞቹ? ካናዳውያኑ?”

ሂልየ ድስቷን ማማሰል ቀጠለች። ሃርም ዝምታዋን አዎን ብሎ ያዘው። ከዚያ ወዲህ፣ በየአምስት ዓመቱ የካናዳ የቀድሞ ወታደሮች ለበዓሉ ሲመጡ፣ ከተማው ሁሉ ባንዲራ ይዞ ሲወጣ፣ ሃርም የሱቁን መስኮት ዘግቶ ይቀመጣል። “ሱፌን ለብሶ የመጣ ካለ ጥሩኝ” ይላል፤ “ያለዚያ አልወጣም።” በ1969 ሲሞትም ያንን ቂም እንደያዘ ነው።

“እናቴ ሃያ አራት ዓመት አጠገቡ ተኝታ ሌባ ናቸው ሲል ትሰማው ነበር” አለች ፌና። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተለወጠና መሀረቧን ፈለገች። “አንድ ቃል ትናገር የለም እንዴ? ቢያንስ ለባሏ?”

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ክር እንደተመዘዘበት ሹራብ ሆነ። ፌና በየቀኑ አንድ ነገር ይመጣላታል፤ መንገዱን ተሻግራ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ሽታ ትዝ አላት። ምድር ቤት ውስጥ የተቃጠለ የሱፍ ጨርቅ ይሸት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የነደደው አደባባይ ሽታ ነው ብላ ነው ያሰበችው። አደባባዩ ግን እንጨትና ጡብ ነው፤ ለምን የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ይሸታል? እናቷ በምድጃው የወታደር ልብስ እያቃጠለች ነበር ማለት ነው? ወይስ ይህንንም አሁን ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ ፈጥራው ይሆን?

ሌላ ቀን ደግሞ የወተት ሻጩን ልጅ አስታወሰች። ነፃ በወጡ በሳምንቱ፣ ከጀርመን ወታደር ጋር ሄዳለች ተብላ ሰዎች መንገድ ላይ ወንበር አምጥተው አስቀምጠው ፀጉሯን ላጩዋት። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። ፌና ልታይ መስኮቱ ላይ ስትንጠለጠል እናቷ ጎትታ አወረደቻት።

“ስትጎትተኝ በአንድ እጇ ነው” አለችኝ። “በሌላው የራሷን ሹሩባ ጨብጣ ይዛ ነበር። አሁን ነው የታየኝ። እውነት ይዛ ነበር? ሬንስከ፣ እኔ እንጃ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንጃ የምል ሰው የሆንኩት?”

እህቷ ዲና ያኔ ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው በቪንሱም የአረጋውያን ቤት ትኖራለች። በአንድ ቅዳሜ ፌናን በመኪናዬ እሷ ጋ ወሰድኳት። ዲና መስኮቱ ሥር ሹራብ እየሠራች ነበር።

“መጣሽ? ፀጉርሽን ምን ነካው?” አለቻት።

ፌና ሰላምታም ሳትሰጥ ፎቶውን ጭኗ ላይ አኖረችላት። “ይሄን ታውቂዋለሽ?”

“የአባባ ሱፍ።”

“ሰውየውንስ?”

“ጀርመኑ ነዋ።”

ፌና የተቀመጠችበት ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። “ጀርመን መሆኑን ታውቂ ነበር?”

“አንቺ አታውቂም ነበር እንዴ?”

“ዲና! ሰባ ዓመት ሙሉ ካናዳዊ ነው ስል ሰምተሽኛል። ፍሬርክ ፊት፣ ሠርግ ላይ፣ በየበዓሉ!”

“ደስ ብሎሽ ስታወሪ ምን ልበልሽ? መጀመሪያ ያልሽው ያኔ ታንኮቹ የመጡ ዕለት ነው፤ ጎረቤት መሃል ‘የእኛ ካናዳዊ፣ የእኛ ካናዳዊ’ ብለሽ ስትጮሂ እማዬ ክንዴን ቆንጥጣ ‘ተያት፣ እንዲያ ትበል’ አለችኝ። ተውኩሽ።”

“ለምን ልብስ ሰጠችው?”

“ምን ታድርግ? ሽጉጡን የድንች ሳጥን ላይ አስቀምጦ ‘ልብስ’ አላት።”

ፌና ወደ እኔ ዞረች። ደብዳቤው መሣሪያውን ቦይ ውስጥ ጥሎት ነበር ይላል። ይህን ስንነግራት ዲና ትከሻዋን ነቀነቀች፤ “ታዲያ ለልጁ ሽጉጥ መዝዤ ነበር ብሎ ይንገረው?” አለች። ይህም እውነት ነው።

ፌና ለሦስት ሳምንት ያህል ቀለል አላት። እናቷ ተገዳ ነው፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ግን ስህተት የማትወድ ሴት ናትና ቃሉን በትክክል ልጽፈው ብላ ደብተር ይዛ፣ አብረን እንደገና ሄድን። ዲና ሽጉጡን ስትሰማ ዓይኗን አጠበበች።

“ምን ሽጉጥ? እኔ ሽጉጥ አላየሁም።”

“አንቺ ነሽ እኮ የነገርሽን!”

“ሽጉጥ ምን ያደርግለታል? ልጁ ሱቅ ይመጣ ነበር፣ የኮት ቁልፍ ሊያስተክል። እማዬ ታውቀዋለች።”

“ታውቀዋለች ማለት?”

“ታውቀዋለች ማለት ታውቀዋለች ነው” አለች ዲና፤ ሻይዋ ለምን እንደዘገየ ጠየቀች። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣትም።

ስንመለስ ፌና ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘግታ ሜዳውን ታይ ነበር። ድልድዩ ተነስቶ ጀልባ እስኪያልፍ ቆምን።

“እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?” አለችኝ።

“እኔማ አላየኋትም ፌና።”

“እኔ አይቻታለሁ” አለች። “አርባ አምስት ዓመት አይቻታለሁ።”

ሌላው ጭንቀቷ የመቃብሩ ጉዳይ ነበር። ለከተማችን የሞቱት ካናዳውያን በሆልተን የወታደሮች መቃብር ነው የተቀበሩት። ፌና ከፍሬርክ ጋር በጎልማሳነቷ አንዴ ሄዳ፣ ዋልተር ፕሪንግል የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት መቃብር መርጣ ነበር። ምድር ቤት የገባው እሱ ነው ለማለት ምንም ማስረጃ አልነበራትም፤ በከተማዋ ውጊያ ከሞቱት ከሌሎቹ ቀደም ብሎ መሞቱን ብቻ ነው የምታውቀው። ቢሆንስ ብላ ጀመረች፤ ቆይቶ ነው አለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በየፀደዩ አበባ ወሰደችለት። ቤተሰቦቹ ከካናዳ ሳይቀር ደብዳቤ ይጽፉላት ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ እንድወስዳት ጠየቀችኝ። ድንጋዩ ፊት ቆመች። አበባ አልያዘችም።

“ይቅርታ አድርግልኝ” አለችው። “እኛ ቤት መጥተህ አታውቅም። ሾርባም አልሰጠንህም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? የማይዛመደኝ ሰው ነው ብዬ ትቼው ልሂድ?”

“ለማይዛመድሽ ሰው አበባ ማምጣት ምን ክፋት አለው?”

“ክፋቱ እሱ አይደለም። ያ ሌላው ያን ዕለት ጠዋት ከየትኛው መስኮት ሲተኩስ እንደነበር አላውቅም። ማንን እንደመታም አላውቅም። ገባሽ? ምናልባት የዚህን ልጅ ገዳይ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠን አብልተነው ይሆናል። እኔ ደግሞ አበባውን ለሟቹ አመጣሁ፣ ሳቁን ከገዳዩ ተቀበልኩ።”

ገብቶኛል አልኳት። ዘልቄ እንዳልገባኝ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስንመለስ መንገድ ዳር ካለች አበባ ሻጭ ቢጫ አበባ ገዛችና መልሰሽ ውሰጂኝ አለችኝ። ወሰድኳት፤ አስቀምጣለት መጣች።

ኤኖ ሃርደርስ ጥቅምት ላይ በባቡር መጣ። ስድሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትልቅ እጅ ያለው፣ ሲናገር የሚያፍር ሰው ነው። ፌና ጀርመንኛ አልናገርም ብላ ቀደም ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ እሱ ግን ገና ከባቡሩ ሲወርድ በገጠሩ አነጋገር “ደህና ዋሉ፣ እንዴት ይበርዳል እናንተ ጋ” ሲላት ሳታስበው “ይግቡ ይግቡ፣ እዚያ ነፋሱ መሃል ምን ያስቆምዎታል” ብላ መለሰችለት። ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ቤቱ የነበረበት ቦታ ወሰድነው። ቤቱ በስድሳዎቹ ፈርሷል፤ አሁን የብስክሌት ማቆሚያ ነው። ሁለቱ ከብስክሌቶቹ መሃል ቆመው ይከራከሩ ጀመር።

“አባቴ ደረጃው በግራ ነበር ይለን ነበር።”

“በቀኝ ነው። ቤቴን እኔ ልንገርዎት እንጂ!”

“ከጓሮ ለሚገባ ሰው ግን…” አለ ኤኖ፤ ፌናም ዞራ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጠችና እጆቿን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አወዛወዘች። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋባት። አንድ ወጣት ብስክሌቱን ሊያወጣ መጥቶ “እማማ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?” አላት።

“አለ” አለችው። “አንተ ግን አታገኘውም። እለፍ።”

እኔ ቤት ገብተን ሾርባ ስንበላ ፌና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“አቶ ኤኖ፣ አባትዎ ያን ዕለት ተኩሰዋል?”

ሰውየው ዳቦውን ቆረሰ። “ጠይቄዋለሁ” አለ። “‘ብርድ ነበር’ ነው ያለኝ።”

“ብርድ ነበር?”

“ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ሁለቱንም ጊዜ ‘ብርድ ነበር’ አለኝ።”

“እናቴን ከዚያ በፊት ያውቃት ነበር? ሱቅ ይመጣ ነበር?”

“ይሄን አልሰማሁም” አለ ኤኖ፤ ፊቱ ቀላ። ከኪሱ ያቺን ስም የተጠለፈባትን ጨርቅ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። “ወይዘሮ፣ እናትዎ ባይኖሩ ኖሮ እኔም፣ ሁለቱ ወንድሞቼም፣ ልጆቻችንም አንኖርም ነበር። ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት።”

“እኔን አያመስግኑኝ” አለች ፌና። “ምን እንደተደረገ ሳላውቅ ምስጋና አልቀበልም። ደግሞም ምስጋናው የእኔ አይደለም።” ጨርቋን ግን አነሳች። የት እንደምታስቀምጣት ግራ ገብቷት እስከ ባቡር ጣቢያው በእጇ ይዛት ሄደች።

በቀጣዩ ዓመት ክፍሌ አልመጣችም። ለልጆቹ ታማለች ብዬ ዋሸሁ። በሁለተኛው ዓመት ግን ሳልጠራት ራሷ መጣች። ሁዳ ያኔ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች። ፌና ከልጆቹ ፊት ቆማ ታሪኩን ጀመረች፤ አነጋገሯ የድሮው አልነበረም። ወታደር መጣ፤ ጀርመን ሳይሆን አይቀርም። ሽጉጥ ነበረው ወይም አልነበረውም። እናቴ ፈርታ ይሆናል፣ ወይ አዝናለት፣ ወይ ታውቀው ኖሯል። ልብስ ሰጠችው። ሰው ገድሎ ይሆናል። አየኝና ሳቀ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ እጇን አወጣች።

“ታዲያ ጥሩ ሰው ነበር ወይስ መጥፎ?”

“አላውቅም።”

“እናትዎስ ጥሩ ነው ያደረጉት?”

“እሱንም አላውቅም የኔ ልጅ። ሌሊት ስነሳ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ቁርስ ላይ ይለወጥብኛል።”

“ታዲያ እናንተ ነፃ የወጣችሁት መቼ ነው?”

“ታንኮቹ የመጡ ዕለት ነዋ” አለች ፌና። “እንደ ሰው ሁሉ።”

ማጨብጨብ ይኑርባቸው አይኑርባቸው አላወቁም። ሁለት ሦስቱ ጀመሩና ተዉት። ፌና ግን ከዓመታት በፊት ከማውቃት ይልቅ ቀና ብላ፣ በዋናው በር ወጣች።

ኤኖ በየዓመቱ በግንቦት ይመጣ ነበር፤ በበዓሉ ሰሞን አይደለም፤ እሱንም ሁለቱ ተስማምተውበት ነው። ይጣላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ይሄዳል። ወደ ሆልተንም መሄዷን አልተወችም። ፌና በየካቲት 2019 በተኛችበት አረፈች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሻይና ኬክ በቀረበበት አዳራሽ፣ ዲና በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና በእጇ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩላት።

“ምስኪን” አለችኝ ኬኳን እየቆረሰች። “ሁለቱን አደባልቃቸው ሞተች።”

“ምኖቹን ሁለት?”

“ወታደሮቹን ነዋ። አንዱ ልብስ ወስዶ የሄደው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የመጣው ሌላው።”

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። “ሌላው ማን ነበር? ካናዳዊ ነው?”

“እኔ ምን አውቄ?” አለች ዲና። “እንግሊዝኛ አልችልም።”

“ለፌና ይህን ነግረሻት ታውቂያለሽ?”

“አልጠየቀችኝም” አለችና፣ ጃንጥላ ይዞ ሊወስዳት ወደመጣው ነርስ ዞራ ዝናቡ አባርቷል ወይ ብላ ጠየቀችው።

ለኤኖ ልጽፍለት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ቀደድኩት፤ ምን ብዬ? የፀደዩ ዕረፍት ሲደርስ ቪንሱም ሄጄ ዲናን በደንብ ልጠይቃት አሰብኩ። ሄድኩም። ወታደር የሚባል አላየሁም አለችኝ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ እሷም አረፈች፤ ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ሰው የለኝም።